«ጋሼን ሳልጠይቅ አልችልም»

ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል፣ የአንድ ዱቄት ማከፋፈያ ደጃፍ። ደንበኛው ሦስት ኩንታል ይፈልጋል፤ ግማሹን አሁን ከፍሎ ግማሹን ቅዳሜ ሊያመጣ። የታወቀ ሰው ነው፣ ዱቤ አዘግይቶ አያውቅም። ካሸሯ ደብተሩን ገለጥ አድርጋ ታያለች፤ ስሙ ንጹሕ ነው። ከዚያ ያችን ሁላችንም የምናውቃትን ቃል ትናገራለች፦ «ጋሼን ሳልጠይቅ አልችልም።» ጋሼ፣ የሱቁ ባለቤት፣ ቀብር ላይ ናቸው፣ ስልክ አያነሱም። ደንበኛው እስከ ሦስት ሰዓት ይታገሳል፤ ከዚያ በኋላ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሱቅ ይሰጠዋል።

እንዲህ ያለው ድርጅት ቢሮው ውስጥ ሣጥንና መስመር የተሳለበት የመዋቅር ወረቀት በመስተዋት ገብቶ ተሰቅሎ ሊሆን ይችላል። «የሽያጭ ኃላፊ» የሚል ሣጥን ይኖረዋል፣ ስም ሳይቀር ተጽፎበት። ግን ሦስት ኩንታል በዱቤ ለመስጠት የሚችል ሰው ቀብር ላይ ካለ፣ እውነተኛው መዋቅር አንድ ሣጥን ብቻ ነው ያለው። ስለ መዋቅር የሚጻፈው አብዛኛው ነገር የሣጥኖቹን ቅርጽ ይዘረዝራል፤ እኔ ግን የትኛውንም ቅርጽ ከመምረጥ በፊት መታየት ያለበት ውሳኔው የት ላይ እንደሚቆም ነው ባይ ነኝ።

ይህን ለማየት አንድ ሳምንት ይበቃል። አንድ ደብተር ካሸሯ ጋ፣ አንድ ስቶር፣ አንድ ማምረቻው ውስጥ ይቀመጥ። ሦስት ዓምድ ይሰመርበት፦ ምን ተጠየቀ፣ ማን ወሰነ፣ ስንት ሰዓት ቆየ። ሁሉም ነገር አይጻፍም፤ «ቆይ ልጠይቅ» የተባለበት ጉዳይ ብቻ። በሳምንቱ መጨረሻ ሁለተኛው ዓምድ ላይ አንድ ስም እየተደጋገመ ከሆነና ሦስተኛው ዓምድ ከደቂቃ ወደ ሰዓት ካለፈ፣ ችግሩ የሠራተኛ ስንፍና አለመሆኑ በጽሑፍ ተገኘ ማለት ነው።

የሚገርመው ግን ወሎ ውስጥ ስለ መዋቅር ለመማር ሩቅ መሄድ የማያስፈልግ መሆኑ ነው። ቅሬ አለ፤ ሌላ ቦታ እድር የሚባለው። ሌሊት ሰባት ሰዓት ሰው ቢሞት ለፋፊው ይወጣል፤ ዕቃ ያዡ ድንኳኑንና አግዳሚውን ያወጣል፤ ቀብር ቆፋሪው በተራው የታወቀ ነው። ገንዘብ ያዡ ለሐዘንተኛው ቤት የሚሰጠውን ብር ለመስጠት ስብሰባ አይጠራም፤ መጠኑ መተዳደሪያ ደንቡ ላይ ተጽፏል። ያልመጣ ሰው ቢኖር ቅጣቱም ተጽፏል፤ ዳኛው የሚያየው አከራካሪውን ብቻ ነው። ሰብሳቢው ሐጅ ሄዶ ወይም ታሞ ቢከርም ቀብር አይቆምም። በዚሁ ቅሬ ዳኛ የሆነው ነጋዴ ሱቁን በአንድ ስልክ ሲያስተዳድር ማየት የተለመደ ነው። ደንብ መጻፍ ስለማይችል አይደለም። ቅሬው የሁሉም ነው፣ ሱቁ ግን «የእኔ» ነው፤ የእኔ በሚባል ነገር ላይ ሥልጣን መስጠት ንብረት እንደ መስጠት ይቆጠራል።

በአንድ ሰው ዙሪያ የሚዞረው መዋቅር ግን በራሱ መጥፎ አይደለም። አራት አምስት ሠራተኛ፣ አንድ ግቢ፣ አንድ ዓይነት ዕቃ ከሆነ ከዚህ የሚፈጥንና የሚረክስ የለም። የሚሰበርበት ቦታ አለው እንጂ። ሊትዌኒያዊው የማኔጅመንት አማካሪ ግራይኩናስ እ.ኤ.አ. በ1933 በሒሳብ አሳይቶታል። አለቃው ከእያንዳንዱ ሠራተኛ ጋር፣ ሠራተኞቹ እርስ በርሳቸው፣ አለቃው ደግሞ ከየቡድኑ ጋር ሊኖረው የሚችለውን ግንኙነት ቢቆጥሩት፣ 4 ተጠሪ ያለው ሰው 44 ግንኙነት አለበት። 5 ሲሆኑ 100፣ 6 ሲሆኑ 222፣ 8 ሲሆኑ 1,080። ሰው የጨመረው አንድ ሁለት ነው፤ ጭቅጭቁ ግን በእጥፍ ይሄዳል። ይህ ሊኖር የሚችለው ሁሉ ቁጥር ነው፤ ሁሉም በየቀኑ ይፈጸማል ማለት አይደለም። ሥራው አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ለምሳሌ ዳቦ የሚያሽጉ ሃያ ሰዎች ቢሆኑ፣ አንድ ፎርማን ይበቃቸዋል፤ እርስ በርስ የሚጠያየቁት ነገር ትንሽ ነውና። ግዥ፣ ምርት፣ ሽያጭ፣ ሒሳብና ጋራዥ በአንድ ሰው ሥር ሲሆኑ ግን አምስት እንኳ ይበዛል።

ከዚህ ቀጥሎ ሰው ሁሉ የሚሄድበት መንገድ በሥራ ዘርፍ መከፋፈል ነው፦ ግዥና ስቶር፣ ምርት፣ ሽያጭ፣ ፋይናንስ፣ የሰው ኃይል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ነው። ጥቅሙ እያንዳንዱ ሰው በሙያው መሳሉ፣ ሌላው ደግሞ ሦስት እጆችን መለየት መቻሉ ነው። ሁለተኛውን ብዙ ሰው ስለማያስተውለው ትንሽ ልቆይበት።

ሦስቱ እጆች ያዘዘው፣ የተረከበውና የመዘገበው ናቸው። ስድሳ ኩንታል ስንዴ ታዘዘ እንበል። ያዘዘው ሰው ራሱ ከተረከበና ራሱ ከመዘገበ፣ ሃምሳ ስምንት ገብቶ ስድሳ ቢጻፍ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ግዥ ሠራተኛው ዕቃ አይረከብም። ስቶር ኪፐሩ በራሱ ሚዛን መዝኖ፣ ያገኘውን ቁጥር በገቢ ደረሰኙ ላይ ይጽፋል፤ መንግሥት ቤት የሠራ ሰው ሞዴል 19 የሚለውን ማለት ነው። የሻጩን ደረሰኝ አይቶ መገልበጥ ክልክል ነው፤ አብዛኛው ጉድለት የሚገባው እዚያች ግልበጣ ላይ ነው። ዕቃ ሲወጣ በወጪ ደረሰኝ፣ በሞዴል 22 ዓይነት፣ የተቀባዩ ፊርማ ያለበት። ሒሳብ ክፍሉ ከሁለቱ ቅጂዎች ይመዘግባል እንጂ ስቶር ገብቶ ዕቃ አይነካም። በወር አንድ ጊዜ፣ ቀኑ ሳይነገር፣ ከሦስቱ አንዱም ያልሆነ ሰው ይቆጥራል። አራት ሠራተኛ ብቻ ያለው ቤት ሦስት እጅ ከየት ያመጣል ለሚል፣ ባለቤቱ አንዱን እጅ ለራሱ ይያዝ፤ የሚሻለውም ቆጠራውና የባንክ ስቴትመንቱ ነው። ሽያጩን ይልቀቅ፣ ቆጠራውን ግን አይልቀቅ። ብዙ ጊዜ የሚደረገው ተቃራኒው ነው።

የሥራ ዘርፍ መዋቅር የሚያመው እዚህ ነው። ድርጅቱ ዳቦ ቤት ነው እንበል። ሽያጭ ለሠርግ 4,000 ዳቦ ቃል ገባ። አንዱ ሊጥ 120 ግራም ከሆነ 480 ኪሎ ሊጥ ያስፈልጋል፤ ከ1 ኩንታል ዱቄት 160 ኪሎ ገደማ ሊጥ ስለሚወጣ ሦስት ኩንታል ዱቄት ማለት ነው። ደረቅ እርሾው በመቶ አንድ ቢታሰብ 3 ኪሎ፣ ባለ ግማሽ ኪሎው እሽግ ስድስት። ዱቄቱ አለ። እርሾው ሁለት እሽግ ብቻ ነው፤ ግዥ ያልገዛው የጠየቀው ስለሌለ፣ ምርት ያልጠየቀው ትእዛዙን የሰማው ማታ ስለሆነ፣ ሽያጭ ያልነገረው ትእዛዝ መያዝ ብቻ ሥራው ስለሆነ። ሦስቱም «የእኔን ሠርቻለሁ» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ሠርጉን ከዳር እስከ ዳር የሚያየው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ያው ጋሼ። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፦ ሁልጊዜ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስቱ ኃላፊዎች ቆመው አሥራ አምስት ደቂቃ፣ በነገው የትእዛዝ ወረቀት ላይ። ወንበር ካለ ግማሽ ሰዓት ይሆናል፣ ሻይ ከመጣ አንድ ሰዓት።

ከዚህ የባሰው ስውር ነው። ግዥ በርካሽ በመግዛቱ ይመሰገናል፣ ምርት በብዛቱ፣ ሽያጭ በገቢው። ግዥ ደካማ ስንዴ በርካሽ ያመጣል፤ ሊጡ አይነሳም፤ ምርት ብዛቱን ለማሟላት ያው ያወጣዋል፤ ሽያጭ ይወቀሳል። ሁሉም በየራሱ መለኪያ ጎበዝ ነው፣ ድርጅቱ ይከስራል። የዓለም ታላላቅ ድርጅቶችም እዚሁ ላይ ወድቀዋል። የአሜሪካው ዱፖንት ባሩድና ፈንጂ ሲሠራ በሥራ ዘርፍ የተዋቀረ ነበር፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቀለምና ሌላ ሌላ ኬሚካል ሲጨምር፣ ትንንሽ ቀለም ሻጮች በሚያተርፉበት ገበያ እሱ ይከስር ጀመር። ለቀለም ኪሳራ «እኔ ነኝ ተጠያቂው» የሚል አንድ ሰው መዋቅሩ ውስጥ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1921 በምርት ዓይነት ተከፋፈለ፤ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ግዥ፣ ምርትና ሽያጭ ኖረው። በዚያው ዘመን አልፍሬድ ስሎን ጄኔራል ሞተርስን ሼቭሮሌ፣ ቢዊክ፣ ካዲላክ እያለ በየክፍሉ ራስ አስቻለው፤ ገንዘቡንና ትልልቁን ፖሊሲ ግን ማዕከሉ ላይ አስቀረ።

ለእኛ አገር ነጋዴ ይህ መዋቅር የሚመጣው ብዙ ጊዜ በቅርንጫፍ በኩል ነው። ደሴ ላይ የተጀመረ ዳቦ ቤት ኮምቦልቻ ይከፍታል። መንገዱ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ቁልቁል። ስለዚህ «ቅርብ ነው፣ ከዚሁ እናዘዋለን» ይባላል። ሊጡ ግን በመዋቅር አይታዘዝም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ብርድ ነው፤ ሊጥ ቶሎ አይነሳም፣ ለብ ያለ ውሃና ጠንከር ያለ እርሾ ይፈልጋል። ኮምቦልቻ ከዚያ ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ሞቃት ናት። በደሴው ልክ እርሾ ከተደረገ ቀትር ላይ ሊጡ ከገበታው ያልፋል፣ ይኮመጥጣል፣ ምድጃ ውስጥ ገብቶ ይተኛል። የኮምቦልቻው ጋጋሪ ይህን ያውቃል፤ እርሾ ለመቀነስ ግን ደሴ መደወል ካለበት፣ ስልኩ እስኪነሳ ሊጡ አይጠብቀውም። በረመዷን ደግሞ ገዢው የሚመጣው ከኢፍጣር በፊት ባለው ሰዓት ተጨናንቆ ነው፤ በዐቢይ ጾም ሰሞን የሚለወጠው ሌላ ነው። የፈረቃው ሰዓት በየቅርንጫፉ ደንበኛ ልክ መሆን አለበት።

ስለዚህ የሚከፋፈለው እንዲህ ነው። ለቅርንጫፉ የሚለቀቀው፦ የእርሾና የውሃ መጠን፣ የፈረቃ ሰዓት፣ የዕለቱ ምርት ብዛት፣ አነስተኛ ጥገና፣ እስከ ተወሰነ ጣሪያ ያለ ዱቤ፣ የቀን ሠራተኛ። ደሴ የሚቀረው፦ የባንክ ሒሳቡ፣ ብድር፣ በብዛት የሚገዛው ስንዴና ዱቄት፣ የዳቦው ግራምና ዋጋ፣ የቅርንጫፍ ኃላፊና የሒሳብ ሠራተኛ ቅጥር። ግራሙ ማዕከል ላይ የሚቀረው፣ አንዱ ቅርንጫፍ በግራም ሲሰርቅ ስሙ የሚጠፋው የሁሉም ስለሆነ ነው።

ድርጅቱ ወፍጮም ካለው አንድ ተጨማሪ ጠብ አለ፦ ወፍጮው ለዳቦ ቤቱ ዱቄቱን በስንት ይስጥ? በወጪው ልክ ከሰጠ ወፍጮው መቼም አያተርፍም፣ ኃላፊው ለምን ይለፋል? በገበያ ዋጋ ከሰጠ ዳቦ ቤቱ «ከውጭ ልግዛ» ይላል። ሚዛናዊ የሚመስለኝ ከገበያው ዋጋ የጆንያና የማጓጓዣ ወጪ ተቀንሶ፣ በወር አንድ ጊዜ የሚወሰን ነው፤ በየቀኑ ከተከፈተ በየቀኑ ክርክር ነው። ፉርሽካም አትረሳ። ከ100 ኪሎ ስንዴ 75 ኪሎ ገደማ ዱቄት ወጥቶ የቀረው አብዛኛው ፉርሽካ ነው፤ ከብት አድላቢው በጥሬ ገንዘብ የሚገዛው፣ ብዙ ቦታ ግን ማንም የማይመዘግበው። የፉርሽካው ገቢ የማን ክፍል እንደሆነ ካልተጻፈ፣ የማንም ስላልሆነ አንድ ሰው ኪስ ይገባል።

የዚህ መዋቅር ዋጋው ድግግሞሽ ነው። ሁለት ስቶር ኪፐር፣ ሁለት ካሸር፣ ሁለት ጀኔሬተር። ቅርንጫፉ ይህን ሁሉ ደሞዝ ችሎ የሚያተርፍ ካልሆነ፣ ገና ቅርንጫፍ ሳይሆን መሸጫ ነው፤ መሸጫ ከሆነ ደግሞ ዳቦው ተጋግሮ ይላክለት እንጂ ምድጃ አይተከልለት። ርቀቱም ይገባበታል። እ.ኤ.አ. በ1855 የኒውዮርክና ኤሪ ምድር ባቡር የበላይ ተቆጣጣሪ ዳንኤል ማካለም የድርጅት መዋቅርን በሥዕል ካሳዩት ቀዳሚዎቹ አንዱ ሆነ፤ ሥዕሉ እንደ ዛፍ ነው፣ ቦርዱ ሥሩ ላይ፣ ሠራተኛው ቅርንጫፉ ላይ። የሱ ነጥብ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ ያለው አለቃ ሁሉን በዓይኑ ሊያይ ይችላል፣ ስምንት መቶ ያህል ያለው ግን አይችልም የሚል ነበር። ወልድያ ከደሴ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኮምቦልቻን በየቀኑ እየወረዱ ማየት ይቻል ይሆናል፤ ወልድያን ግን በሪፖርት ካላዩት አያዩትም። ሪፖርቱም አጭር ይሁን፦ የገባ ዱቄት፣ የወጣ ዳቦ፣ የተመለሰ ዳቦ፣ ጥሬ ገንዘብ፣ ዱቤ። አምስት ቁጥር፣ በየማታው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች እርስ በርስ ካልተስማሙ የቀረውን ማንበብ አያስፈልግም።

የቅርንጫፍ ሒሳብ ሠራተኛ ተጠሪነቱ ለማን ይሁን? ይህች ጥያቄ ብቻዋን ብዙ ቤት ታምሳለች። ለቅርንጫፍ ኃላፊው ከሆነ የኃላፊውን ጥፋት አይጽፍም፤ ደሞዙን የሚፈርም ሰው ነውና። ለማዕከል ፋይናንስ ብቻ ከሆነ ቅርንጫፉ ውስጥ እንደ ሰላይ ይታያል። የሚያዋጣው ቅጥሩ፣ ዝውውሩና የሥራ ምዘናው በማዕከል ፋይናንስ፣ የዕለት ሰዓቱና ፈቃዱ በቅርንጫፍ ኃላፊው ሲሆን ነው። ሥዕሉ ላይ አንዱ ድፍን መስመር፣ ሌላው ነጠብጣብ። ነጠብጣቡ ምን ምን እንደሚያካትት በአንድ አንቀጽ ካልተጻፈ ግን ነጠብጣብ የሚባለው ሁሉ ቀስ በቀስ ድፍን ይሆናል።

ማትሪክስ የሚባለው መዋቅር ይህንኑ ለሁሉም ሰው ማድረግ ነው፤ አንዱ አለቃ በሙያ፣ አንዱ በፕሮጀክት። ደሴ ላይ በፕሮጀክት የሚሠሩ ድርጅቶች ሠራተኛ ያውቀዋል፤ የፕሮጀክቱ አስተባባሪ «ዛሬ ሪፖርት» ይላል፣ የፋይናንስ ኃላፊው «ዛሬ ሒሳብ መዝጊያ» ይላል፣ ሠራተኛው መካከል ላይ ሁለቱን «እሺ» ብሎ ያሳድራል። ውድ ባለሙያ ለሁለት ፕሮጀክት ለመካፈል ጥሩ ነው። ለዳቦ ቤት አያስፈልግም፣ እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም።

በሥራ ሂደት መደራጀትም አለ። መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ቢፒአር፣ መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ የሚባለው፣ ሲገባ መምሪያው «ዋና የሥራ ሂደት» ተባለ፣ ኃላፊው «የሂደት ባለቤት»። ሐሳቡ ልክ ነበር፦ ጉዳዩ ከመስኮት ሲገባ ጀምሮ እስኪያልቅ አንድ ሰው ይያዘው። ብዙ ቦታ ግን የበሩ ላይ ጽሑፍ ተቀየረ፣ ፊርማው የሚፈለገው ሰው ግን ያው ነበር። ፊርማ ካልተንቀሳቀሰ መዋቅር አልተቀየረም።

የግል ድርጅቶች ደግሞ ባለቤትነትን ከሥራ መደብ ጋር ያደባልቃሉ። በሕጋችን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር ከ2 እስከ 50 አባል ሊኖረው ይችላል፤ አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ባለ አንድ ሰውም ፈቅዷል። አራት ወንድማማቾች አክሲዮን ስላላቸው አራቱም ስቶር ኪፐሩን ያዛሉ። አክሲዮን ትርፍ ለመካፈልና በጉባኤ ድምፅ ለመስጠት ነው። በመጋዘን ውስጥ ድምፅ የለውም። ወንድምየው ድርጅቱ ውስጥ ከሠራ በሥራ መደቡ ደሞዝ ይከፈለው፣ ተጠሪነቱም እንደማንም ሠራተኛ ይጻፍ። ፎርማኑን ዘሎ ጋጋሪውን የሚያዝ ባለቤት፣ በሳምንቱ ጋጋሪው ፎርማኑን ዘሎ ወደ እሱ ሲመጣ ሊቆጣ አይገባውም።

ይህን የአንድ አለቃ ነገር ፈረንሳዊው የማዕድን መሐንዲስ አንሪ ፋዮል እ.ኤ.አ. በ1916 አጥብቆ ጽፎታል። ከዚያው ጋር ግን ድልድይም ትቷል፣ እሱን ብዙ ጊዜ እንዘነጋዋለን፦ በሁለት ክፍል ውስጥ በአንድ እርከን ያሉ ሁለት ሰዎች፣ አለቆቻቸው ከፈቀዱ፣ ቀጥታ ይነጋገሩና ይጨርሱ፤ ከዚያ ለየአለቃቸው ይንገሩ። የኮምቦልቻው ስቶር ኪፐር የደሴውን ስቶር ኪፐር «ሁለት ጆንያ ጨው ላክልኝ» ለማለት አራት ሰው መዞር የለበትም።

አዲስ መዋቅር የሚጻፍ ከሆነ ሥዕሉ መጨረሻ ይሁን። መጀመሪያ የሚጻፈው የውሳኔ ሠንጠረዥ ነው። ከሳምንቱ ደብተር ላይ በብዛት የተደጋገሙት አሥራ አምስት ሃያ ጉዳዮች በግራ በኩል ይደርደሩ፤ ዱቤ፣ ቅናሽ፣ ጥገና፣ የትርፍ ሰዓት፣ የተመለሰ ዕቃ። በአናት ላይ የሥራ መደቦቹ፤ የሰው ስም አይጻፍ። በየመገናኛው ላይ የብር ጣሪያ። ካሸሯ እስከ ስንት ዱቤ፣ የሽያጭ ኃላፊው እስከ ስንት፣ ከዚያ በላይ ሥራ አስኪያጁ። ጣሪያው ከአንድ የዘወትር ደንበኛ የተለመደ ትእዛዝ በታች ከሆነ ከንቱ ነው፤ ሁሉም ነገር ወደ ላይ ይመለሳል። «ዱቤው ያልተዘጋ ሰው ሌላ አይሰጠውም» የሚል አንድ ቅድመ ሁኔታ ከጎኑ ይበቃል።

ቀጥሎ ተተኪው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለው። እያንዳንዱ ወንበር በዓመት ቢያንስ ያን ያህል ቀን ባዶ ይሆናል ማለት ነው፤ ማን እንደሚቀመጥበት አሁን ይጻፍ። ገንዘብ የሚይዝ ሰው ፈቃዱን በገንዘብ ለውጡልኝ እያለ ዓመት ከዓመት የማይወጣ ከሆነ ደግሞ ትጋቱን ከማድነቅ በፊት አስወጥቶ ሌላ ሰው ማስቀመጥ ይገባል። ከዚያ የሥራ ዝርዝሩ፤ አንድ ገጽ፣ «ተጠሪነቱ ለ» የሚለው መስመር ላይ አንድ መደብ ብቻ። «ሌሎች ከአለቃው የሚሰጡትን ሥራዎች ይሠራል» የምትለዋ የታወቀች ተራ ቁጥር ሥራው ውስጥ ከግማሽ በላይ ከሆነች ዝርዝሩ እንደገና ይጻፍ።

ሠንጠረዡ በተለጠፈ በመጀመሪያው ወር ካሸሯ በሠንጠረዡ መሠረት ዱቤ ሰጥታ አንዱ ይከዳታል። አይቀርም። ያን ቀን ጋሼ የሚናገሩት ነገር ከሠንጠረዡ በላይ መዋቅር ነው፤ በሰው ፊት ከተቆጧት ከነገ ጀምሮ ለአንድ ኩንታልም ትደውላለች። ጣሪያውንና ቅድመ ሁኔታውን ጠብቃ ከሆነ ኪሳራው የድርጅቱ ነው፣ የሷ አይደለም፤ ጣሪያው ከበዛ ጣሪያው ይውረድ።

ሦስት ወር ሲሞላ መፈተን ነው። ሰኞ ለባቲ ገበያ ሲወርዱ ስልኩን ቤት ትተው ይውረዱ፣ አንድም ቀን ቢሆን። ማታ ሲመለሱ ያንን ባለ ሦስት ዓምድ ደብተር ይክፈቱና «ጋሼ ይምጡ» ተብሎ ያደረውን ጉዳይ ይቁጠሩ። ያደሩት ጉዳዮች ማክሰኞ ጠዋት ሠንጠረዡ ላይ የሚጨመሩ መስመሮች ናቸው።